ለመሆኑ ሰው በማዕበል ላይ እንዴት ይቆማል?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ክርክር ነው። ከገና በዓል በኋላ የአንድ ጓደኛችን አክስት ለዘመድ ጥየቃ ከአሜሪካ መጥተው ነበርና ወደ ተቋማችንም ጎራ ብለው ጎበኙን። ጨዋታ ሲሞቅ ስልካቸውን አውጥተው አንድ አጭር ፊልም አሳዩን። በፊልሙ ላይ እኚሁ አክስት፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ የተጠጋ ሰው፣ አረፋ እያስነሣ በሚሮጥ ማዕበል ላይ፣ አንድ ረዥም ሰማያዊ ጣውላ መሳይ ነገር ረግጠው ቆመው ወደ ባሕሩ ዳር ሲንሸራተቱ ይታያሉ። ቆመው የቆዩበትን ጊዜ ደጋግመን ቆጥረነዋል፤ ስድስት ሴኮንድ ነው። ከዚያ በጎናቸው ጧ ብለው ውሃው ውስጥ ይወድቃሉ።

ማታ በመኝታ ክፍላችን ጭቅጭቁ ተነሣ። ግማሾቻችን «ይኼማ የፊልም ተንኮል ነው» አልን። የቀረነው ደግሞ ፊልሙን ብናምንም «በአንድ ቀን ትምህርት?» ብለን ተጠራጠርን። ብስክሌት ለመልመድ እንኳ ስንት ጉልበት ይላጣል እኮ! በማግሥቱ አክስታችንን (ከዚያች ቀን ጀምሮ የሁላችንም አክስት ሆነዋል) መሐል አስቀምጠን ከሀ እስከ ፐ ጠየቅናቸው። ኋላም አንዳንድ ጽሑፎችን አገላብጠን ያገኘነውን ከዚህ በታች አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አክስታችን ለዕረፍት ሄደው ትምህርቱን የወሰዱት ሐዋይ ነው። ሐዋይ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙ ደሴቶች ስብስብ ስትሆን ከ1959 ጀምሮ 50ኛዋ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ናት። ዋና ከተማዋ ሆኖሉሉ በኦዋሁ ደሴት ላይ ትገኛለች፤ ዋይኪኪ የተባለው የባሕር ዳርቻም እዚያው ሆኖሉሉ ውስጥ ነው። ሰርፊንግ የሚባለው የማዕበል ግልቢያ የደሴቶቹ ሕዝብ የጥንት ጨዋታ ነው፤ በቋንቋቸው «ሄኤ ናሉ» ይሉታል። እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ኩክ በ1778 እዚያ ሲደርስ ጨዋታው የመኳንንቱም የተራው ሰውም፣ የወንዱም የሴቱም ነበር። አህጉራችን አፍሪካም ብትሆን ባዳ አይደለችም። በ1830ዎቹ በአክራ ጠረፍ ልጆች ትናንሽ ጣውላ ከሆዳቸው ሥር አድርገው በማዕበል እየተንሸራተቱ ሲጫወቱ ያየ አንድ ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጽፎት ይገኛል።

ማዕበሉ ከየት ይመጣል?

ብዙዎቻችን ውሃው ራሱ ከሩቅ ተጉዞ የሚመጣ ይመስለናል። አይደለም። ነፋስ በደረሰ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ ያላየ መቼም ከመካከላችን የለም። ማሳው ከዳር እስከ ዳር እየተገላበጠ የሚሮጥ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዲትም አገዳ ከቆመችበት ተነቅላ አትሄድም። ባሕርም እንዲሁ ነው። ውሃው በያለበት ክብ እየሠራ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሚጓዘው ኃይሉ ነው።

ይህን ኃይል ለባሕር የሚሰጠው ነፋስ ነው። ነፋሱ በበረታ ቁጥር፣ ረዥም ጊዜ በነፈሰ ቁጥር፣ የሚነፍስበትም የውሃ ስፋት በጨመረ ቁጥር ሞገዱ ይተልቃል። በሐዋይ የበጋ ወራት ዋይኪኪ ላይ የሚደርሱት ሞገዶች የሚነሡት ከምድር ወገብ በስተደቡብ፣ በኒውዚላንድ አቅጣጫ ካለው ውቅያኖስ ነው። ዋልተር መንክ የተባለው የውቅያኖስ ተመራማሪ በ1963 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በደቡብ ውቅያኖስ ዐውሎ ነፋስ የተነሡ ሞገዶችን ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ በመሣሪያ ተከታትሎ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚጓዙ አሳይቷል። እንግዲህ አክስታችንን ስድስት ሴኮንድ ያስኬዳቸው ኃይል ብዙ ቀን መንገድ ላይ የሰነበተ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ስንነግራቸው በጣም ሳቁ።

ሞገዱ ጥልቅ ውሃ ላይ ሳለ ብዙም ልብ አይባልም። ወደ የብስ ሲቀርብ ግን የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ ይመጣል። በዚህ ጊዜ የፊተኛው ሞገድ ይዘገያል፤ የኋለኛው ይደርስበታል፤ ኃይሉ በጠበበ ቦታ ይከማችና ሞገዱ ወደ ላይ ይነሣል። በመጨረሻም አናቱ ከእግሩ ቀድሞ ይደረመሳል። መደርመሱ የሚደርሰው በግምት የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት በጥቂቱ ብቻ ሲበልጥ ነው። 1 ሜትር የሚሆን ሞገድ 1.3 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይደረመሳል። ይህችን ቁጥር ያዙልን፤ ስለ መውደቅ ስንጽፍ እንመለስባታለን።

ታዲያ ሰውየው እንዴት ነው የሚጋለበው? የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ የሚንጠለጠል ልጅ አይታችኋል። ቆሞ ቢጨብጠው መኪናው ጥሎት ይሄዳል ወይም ክንዱን ይገነጥለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከመኪናው ጋር እኩል ይሮጣል። ጋላቢውም ጣውላው ላይ በሆዱ ተኝቶ በሁለት እጁ እየቀዘፈ ፍጥነቱን ከሞገዱ ፍጥነት ጋር ማቀራረብ አለበት። ይህ ከሆነ ጣውላው በሞገዱ ፊት ላይ ቁልቁል መንሸራተት ይጀምራል። ቁልቁለቱም አብሮ ስለሚጓዝ አያልቅም፤ ሞገዱ እስኪሞት ድረስ መንሸራተት ነው። ቀዘፋው ከዘገየ ሞገዱ ከሥር ሾልኮ ያልፋል። ከሚገባው በላይ ወደ ፊት ከተኙ ደግሞ የጣውላው አፍንጫ ውሃ ውስጥ ይሰካና ጋላቢው ተገልብጦ ይወረወራል።

በአሸዋ ላይ

ትምህርቱ ሁለት ሰዓት ያህል ነበር። አራት ተማሪዎች፣ አንድ አሰልጣኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ገደማ ግን ውሃ አልነኩም፤ አሸዋ ላይ ነበሩ። አክስታችን «ገንዘቤን ከፍዬ አሸዋ ላይ እንደ እንሽላሊት ልተኛ ነው እንዴ የመጣሁት?» ብለው ተበሳጭተው ነበር።

ጣውላ ይባል እንጂ የጀማሪ ጣውላ ዛሬ የሚሠራው ከውስጡ ቀላል፣ ከላዩ ልስልስ ከሆነ ፎም ነው። ቁመቱ 2.7 ሜትር፣ ወርዱ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ትልቅ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ትልቅ ጣውላ በደንብ ይንሳፈፋል፣ አይዋልልም፣ በትንሽ ቀዘፋም ሞገድ ይይዛል። ከጅራቱ የተያያዘ ገመድ አለው፤ እሱም ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል።

አሰልጣኙ እነዚህን ነገሮች በቅደም ተከተል አስተማሯቸው። በመካከል መስመር ላይ መተኛት። መቅዘፍ። «ብድግ!» ሲባል መዳፍን ከደረት ጎን ተክሎ መግፋት፣ ሁለቱንም እግር በአንድ ጊዜ ከሥር ማምጣት፣ ከዚያ ጉልበት አጥፎ ዝቅ ብሎ መቆም። ዓይን ወደ ፊት ነው፤ እግርን ማየት ክልክል ነው። የትኛው እግር ይቀድማል የሚለውን ለማወቅ ሳያስቡት ከኋላ ገፋ አደረጓቸው፤ አክስታችን ሚዛን ለመጠበቅ ቀኝ እግራቸውን ሰነዘሩ፤ በቃ፣ የሚቀድመው ቀኙ ነው ተባለ።

እኛም ሳንሞክረው አልቀረንም። በመኝታ ክፍላችን ወለል ላይ በጠመኔ በልኩ ጣውላ ሥለን ተራ በተራ ተኛን። ከአሥራ አንዳችን ሁለታችን ብቻ ነን ሁለቱንም እግር መስመሩ ላይ ያሳረፍነው። ሌሎቻችን መጀመሪያ ጉልበት ተክለን እንደ ግመል ነው የተነሣነው። የአክስታችን አሰልጣኝ ይህን አይወዱም፤ ምክንያቱም ጉልበት የተከለ ሰው ሁለተኛውን እንቅስቃሴ እስኪያደርግ ጣውላው ይወላገድበታል። ለማንኛውም ወለሉ ሳይነቃነቅ እንዲህ ከሆንን ውሃ ላይ ምን እንደምንሆን እናንተው ገምቱ።

ከመነሣት የበለጠ ጊዜ የወሰደው ግን መውደቅ ነው። ዋይኪኪ ባሕር ሥር ኮራል አለ፤ ድንጋይ ይመስላል፣ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ቅድም ያዙልን ያልናት ቁጥር የምታገለግለው እዚህ ላይ ነው። ሞገድ የሚደረመሰው ጥልቀቱ ባነሰበት ቦታ ስለሆነ ጋላቢ የሚወድቀውም እዚያው ነው። ስለሆነም በራስ መወርወር ፈጽሞ አይቻልም፤ አንገት ይሰበራል። በጎን ወይም በጀርባ፣ ሰውነትን ዘርግቶ፣ ከጣውላው ርቆ መውደቅ ነው። ከውሃ ሲወጡም ሁለት ክንድ ራስ ላይ ጋርዶ ነው፤ የታሰረው ጣውላ በገመዱ ተስቦ መመለሱ አይቀርምና። ወደ ውስጥ ሲገቡም ጣውላውን በሰውነትና በሚመጣው ሞገድ መካከል መያዝ አይገባም፤ ከያዙት ጥርስ ያረግፋል።

አንድ ሌላ ነገር ጨምረው ነገሯቸው። ጣውላው ላይ በሆድ ተኝቶ ወገብን ወደ ኋላ እንደ ቀስት ለጥጦ ረዥም ጊዜ ሞገድ መጠበቅ ጥሩ አይደለም። ይህን ጉዳይ ተከታትለን አንብበነዋል። በ2004 የሐዋይ ሐኪሞች በጀማሪ ጋላቢዎች ላይ የደረሰ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ገልጸው ጽፈዋል። ሰውየው ሳይወድቅ፣ ሳይጋጭ ወገቡን ያመዋል፤ ከዚያ እግሩ ይደነዝዛል፤ አንዳንዱም ሽባ ሆኖ ይቀራል። እምብዛም የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ቢሆንም ወገቡን ድንገት ያመመው፣ እግሩን የደነዘዘው ጀማሪ «ትንሽ ልታገስ» ሳይል ወዲያው ወጥቶ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እየጠበቁ ሳለ ጣውላው ላይ ተነሥቶ እግርን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ መቀመጥ ነው።

የአሰልጣኙ እጅ

ከዚህ በኋላ ቀዝፈው ገቡ። አሁን ፊልሙን በጥንቃቄ ላየው ሰው አንድ ነገር ይታያል፤ እኛም ያየነው በአምስተኛው ጊዜ ነው። አክስታችን ከመነሣታቸው በፊት በስተኋላቸው አንድ ራስና ሁለት ክንድ አለ። አሰልጣኙ ናቸው። ሞገዱን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ጣውላውን ወደ የብስ ያዞሩት እሳቸው ናቸው፤ ከሌላ ጋላቢ ጋር እንዳይጋጩ ግራ ቀኙን ያዩት እሳቸው ናቸው፤ በትክክለኛው ሴኮንድ ጅራቱን የገፉት፣ «ብድግ!» ያሉትም እሳቸው ናቸው። ለአክስታችን የቀረላቸው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ መቆም።

የክርክራችን መልስ ይኸው ነው። ፊልሙ ተንኮል የለበትም፤ ግን ከሥራው ትልቁ ድርሻ የመምህሩ ነበር።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ደራሲው ጃክ ለንደን በ1907 በጀልባው ሲዞር ዋይኪኪ ደርሶ ይህንኑ ትምህርት ወስዶ ነበር። መጀመሪያ ለብቻው በትንሽ ጣውላ ሲታገል አልሆነለትም። አሌክሳንደር ሂዩም ፎርድ የተባለ ሰው አግኝቶት ትንሿን ጣውላ አስጥሎ ትልቁን የራሱን ሰጠው፤ ጥሩ ሞገድ ጠብቆም በትክክለኛው ጊዜ ገፋለት። ትልቅ ጣውላና የመምህር ግፊት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ትምህርት ነው ማለት ነው። ለንደን ግን ደስ ብሎት አራት ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆይቶ ፀሐይ ክፉኛ ስላቃጠለው በማግሥቱ አልጋ ላይ ዋለ። ዛሬ ቱሪስቱ ቅባት ይቀባል፤ እሱም ቢሆን ገደብ አለው፤ ኮራሉን ይጎዳሉ የተባሉ ሁለት ኬሚካሎች ያሉባቸውን የፀሐይ ቅባቶች ሐዋይ ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጡ ከልክላለች።

የሐዋዩ ተወላጅ ዱክ ካሃናሞኩም እንዲሁ አስተምሯል። ዱክ በ1912 በስቶክሆልም እና በ1920 በአንትወርፕ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ዋና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘ ዋናተኛ ነው። አውስትራሊያ ሄዶ በሲድኒ ፍሬሽዋተር ዳርቻ ግልቢያውን ሲያሳይ፣ በ1915 መጀመሪያ ኢዛቤል ሌተም የተባለች የ15 ዓመት ልጅ በራሱ ጣውላ ላይ ከፊቱ አድርጎ አብሯት ጋለበ። ከዚያ ወዲያ ኢዛቤል ራሷ ጋላቢ ሆነች።

በሁለተኛው ቀን

አክስታችን በፊልሙ ላይ ያለው ደስታ ስላልወጣላቸው በማግሥቱ ያንኑ ዓይነት ጣውላ ተከራይተው ብቻቸውን ገቡ። ይህን ክፍል መጀመሪያ ሊነግሩን አልፈለጉም ነበር፤ ጓደኛችን «አክስቴ፣ ሁለተኛውስ ቀን?» ብሎ ሲጨቀጭቃቸው ነው የተናገሩት።

አንድም ሞገድ አልያዙም። ሞገዱ ሲመጣ ይቀዝፋሉ፤ ከሥራቸው ሾልኮ ያልፋል። ሌላ ይመጣል፤ እሱም ያልፋል። የሰለጠኑት ጋላቢዎች እየጮኹባቸው ያልፋሉ፤ ለካ ሞገዱ ወደሚደረመስበት ጫፍ ይበልጥ ለቀረበው ሰው መልቀቅ ሕግ ኖሯል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ትከሻቸው ዛለ። ቀና ብለው ሲያዩ የተነሡበት ቦታ ፊት ለፊታቸው የለም፤ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ጎንና ወደ ውጭ ወስዷቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስረዳ። ሞገድ ወደ የብስ ያመጣው ውሃ የሆነ ቦታ መመለስ አለበት። አንዳንድ ጊዜ በጠባብ መስመር እንደ ወንዝ ሆኖ ወደ ባሕር ይወጣል። እንዲህ ያለው ጅረት ሰውን ወደ ሥር አያሰጥምም፤ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። የሚገድለው ድካሙ ነው። ሰውየው ደንግጦ ፊት ለፊት ወደ የብስ ይዋኛል፤ ጅረቱ ይበልጠዋል፤ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ አለመታገል፣ መንሳፈፍ፣ እጅ አንሥቶ እርዳታ መጥራት፣ አቅም ያለው ደግሞ ከባሕሩ ዳር ጎን ለጎን እየዋኘ ከመስመሩ መውጣት ነው። ጣውላ ያለው ሰው ከሁሉም በፊት ጣውላውን አይለቅም። ጣውላ ስንት ነፍስ እንደሚያወጣ የታየው በ1925 ነው። በካሊፎርኒያ ኒውፖርት ቢች አጠገብ አንዲት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ስትገለበጥ፣ ዱክ ካሃናሞኩ በጣውላው እየተመላለሰ ብቻውን ስምንት ሰው አውጥቷል።

አክስታችንም ያዳናቸው ከአሸዋው ትምህርት ያቺ አንዷ ትዝ ማለቷ ነው። ጣውላቸውን አቅፈው ተኙ፣ እጃቸውን አንሥተው አወዛወዙ። የባሕር ዳር ነፍስ አድን ሠራተኛ በትልቅ ጣውላ ቀዝፎ መጥቶ ወደ ዳር አወጣቸው። «ልጆች» አሉን፣ «እኔ እኮ መቆም ብቻ ነው የተማርኩት። መግባትና መውጣት የሰውየው ነበር።»

ይህ ንግግር ማታ እንደገና አጨቃጨቀን፤ በሚቀጥለው ወር ለማስተማር ልምምድ ስለምንወጣ ነገሩ ወደ ራሳችን ዞረ። አንዳንዶቻችን «ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው፤ ሳይችሉ የቻሉ አስመሰላቸው» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ባይገፉላቸው ኖሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨው ውሃ ጠጥተው፣ ሁለተኛ ወደ ባሕር ዞር ብለውም አያዩም ነበር» አልን። የብዙዎቻችን አስተያየት መግፋቱ ትክክል ነው የሚል ነው። ጀማሪ ሁሉን በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም፤ አንዷን ነገር ቀምሶ ነው ሌላው የሚያጓጓው። ነገር ግን መምህሩ «ይህን ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ አንተ ገና አልተማርከውም» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት። አክስታችንን ይህን ብንጠይቃቸው አሰልጣኙ መናገሩንስ ተናግረዋል አሉ፤ ብቻቸውን እንዳይገቡም አስጠንቅቀዋቸው ነበር። ግን የነገሯቸው ከስድስቱ ሴኮንድ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ማን ይሰማል?

በሦስተኛው ቀን አክስታችን ተመልሰው እኚያኑ አሰልጣኝ ፈለጉ። የሆነውን ሲነግሯቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። በዚህ ቀን አሸዋ ላይ መተኛት አልነበረም፤ አሸዋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ባሕሩን ማየት ብቻ ነበር። የትኛው ሞገድ ይነሣል፣ የትኛው ሳይደረመስ ይሞታል፣ ውሃው በየት በኩል ይወጣል፣ ሰዎቹ በየት በኩል ቀዝፈው ይገባሉ፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ አክስታችን ይገምታሉ፤ ብዙውን ሳቱ። ከዚያ ገቡ። አሰልጣኙ በራሳቸው ጣውላ ላይ አጠገባቸው ተቀመጡና እጃቸውን ሰበሰቡ።

ስምንት ሞገድ አመለጣቸው። ዘጠነኛውን ያዙት፤ በሆዳቸው እንደተኙ ነው እስከ ዳር የመጡት። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ አንድ ያዙ፤ በዚያኛው ጉልበታቸውን ተክለው እንደ እኛ እንደ ግመል ተነሡ፤ አሰልጣኙም ምንም አላሉም። የዚህኛው ፊልም ግን የለም፤ ያን ቀን ስልካቸውን የሚይዝላቸው ሰው አልነበረም።